ሞተሩ ከመውረዱ በፊት

የተከበራችሁ ሹፌሮች፣ ረዳቶች፣ ባለንብረቶች፣ የሙያ ጓደኞቼ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። የጠራችሁኝ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ለምን ጉልበት እንደሚያጣና ናፍጣ እንደሚያበዛ እንድናገር ነው። ለቃሊቲና ለገላን ሰው ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። ተሳቢ የሚጎትት መኪና በሊትር 2 ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር እንበል። አሁን ወደ 1.7 ወረደ። ትንሽ ይመስላል። ጅቡቲ ደርሶ መልስ ግን 1,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ምልልስ ብቻ ወደ 160 ሊትር ናፍጣ በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ድጎማው በየደረጃው እየተነሳ በመጣበት ጊዜ ይህን የሚችል ኪስ የለም።

ከዚያ ምን ይከተላል? ባለንብረቱ ሹፌሩን "ነዳጅ ሸጠህ ነው" ይለዋል። የሚሸጥ የለም አልልም። ግን ስንት ታማኝ ሰው በተቀደደ የሞተር አየር ቱቦ ምክንያት ስሙ ጠፍቷል! ሰው ከመጠርጠሩ በፊት መኪናው ይመርመር።

መኪናው ዳገት እምቢ ሲል እኛ መካኒኮችም የለመድናቸው ሁለት መልሶች አሉ። "ፖምፓው ይጨመርለት"፣ ማለትም የናፍጣው ፓምፕ አብዝቶ እንዲሰጥ ይደረግ፤ እና "ሞተር ይውረድ"፣ ማለትም ተነቅሎ ይፈታ። ሳይለካ ከሆነ ሁለቱንም እቃወማለሁ። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ መጨመር፣ አፍንጫው የታፈነን ሰው ጉረስ ጉረስ እንደማለት ነው። ጭሱ ይጠቁራል፤ ሙቀቱ ይንራል፤ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦና ፒስተኑ ይጎዳሉ።

ያለንበት ቦታ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። የአየሩ ግፊት ከጅቡቲው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያንሳል። ቱርቦው ይህን ለማካካስ አብዝቶ መሽከርከር አለበት። ስለዚህ አዋሽ ላይ ያልታወቀች ቀዳዳ ወደ ሞጆ ሽቅብ ሲባል ትታወቃለች። ሹፌሩ "ታች ደህና ነበር" ሲላችሁ እመኑት።

ጭሱን ጠይቁት። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ከለቀቀ፣ ብዙ ጊዜ ናፍጣው ከአየሩ በልጧል። የአየር ፊልትሮውን እዩ። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና ፊልትሮ በኪሎ ሜትር ብቻ አይቆጠርም። ቀጥሎ ከቱርቦ አየሩን ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከኢንተርኩለር ወደ ሞተር የሚሄዱትን ማኒኮቶዎች፣ ማለትም የላስቲክ ቱቦዎች፣ በእጃችሁ ዳስሱ። መኪናው ቆሞ ሲታይ ደህና የሚመስል ማኒኮቶ፣ ከሥሩ እንደ ምላጭ የቀጠነ ስንጥቅ ይኖረዋል። ቱርቦው በሙሉ ጭነት ሲገፋ ስንጥቁ ይከፈታል፤ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ይዘጋል። ምልክቱ በዙሪያው የተለጠፈ ዘይት ያዘለ አቧራ ነው። ካልታየ መስመሩን ዝቅ ባለ የኮምፕሬሰር አየር ሙሉትና የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ የሚያፈስበት ቦታ አረፋ ይሠራል። የዚህ ሁሉ ወጪ ከአንድ ማኒኮቶ ዋጋ አይበልጥም።

ጉልበት ጠፍቶ ጭስ ከሌለ ደግሞ ሐሳባችሁን ወደ ናፍጣው መልሱ። ሞተሩ ተርቧል። የነዳጅ ፊልትሮ ተዘግቶ ይሆናል፤ ሰልባትዮው፣ ማለትም የናፍጣው ታንክ፣ ውስጥ ቆሻሻ ወይም ውሃ ይኖራል፤ ወይም የሰልባትዮው መተንፈሻ ተደፍኖ ይሆናል። ወይም በመሳቢያው መስመር አየር እየገባ ነው። ይህኛው ተንኮለኛ ነው፤ ናፍጣ ወደ ውጭ ስለማይንጠባጠብ አይታይም። በመስመሩ ላይ ለጊዜው ጥርት ያለ ላስቲክ ቱቦ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። አረፋ ካለፈ ጥፋቱ ተገኘ።

አየሩም ናፍጣውም ደህና ከሆነ፣ መኪናውን የያዘው ነገር አለ። የማይለቅ ፍሬን አለ? ትንሽ ነድታችሁ አቁሙና የጎማዎቹን ማዕከል ሙቀት አወዳድሩ። ከሌሎቹ ተለይቶ የጋለው ራሱን ያጋልጣል፤ በቀጥታ ግን አትንኩት፣ ያቃጥላል። የሞተሩ ዙር ወጥቶ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) እያንሸራተተ ነው። የጎማ ነፋስ ለኩ፤ 22 ጎማ ላይ ጥቂቱ ሲለሰልስ ብዙ ይጎትታል።

አንድ የሚረሳ አለ፦ የሞተር ፍሬን። ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ክዳን በጥቀርሻ ተጣብቆ ግማሽ ተዘግቶ ይቀራል። ሞተሩ መተንፈስ ያቅተዋል፤ ጉልበቱም ናፍጣውም አብረው ይሄዳሉ። ማንሻውን በእጅ አንቀሳቅሱት። የነዳጅ ፔዳሉም እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፖምፓው ላይ ያለው ማንሻ እስከ ጫፍ መድረሱን እዩ። ረዳት ይርገጥ፣ መካኒክ ይይ።

ባለንብረቶች፣ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ነዳጅን በግምት አትቁጠሩ። ሰልባትዮውን እስከ አፉ ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ሲመለስ በዚያው ማደያ እንደገና እስከ አፉ ሙሉ። የገባው ሊትር እውነቱን ይናገራል። ጭነቱንም አብራችሁ ጻፉ፤ ባዶ የወረደና ሙሉ የወጣ መኪና አይወዳደርም። ሞተሩን ሳያጠፉ መቆምም ናፍጣ እንደሚፈጅ አትርሱ። ትልቅ ሞተር ቆሞ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል። በቃሊቲ ጉምሩክ ወረፋ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካልተገኘ ያኔ ቱርቦው፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል፣ የሲሊንደሩ ግፊት (ኮምፕሬሽኑ) ይለካ። ሞተር መውረድ ካለበትም ይውረድ፤ ግን በልኬት ይሁን።

ግቢው ውስጥ ዳገት እምቢ ያለች አንዲት መኪና ቆማለች። ቦኔቷን ከመክፈታችን በፊት ሹፌሯ ያየውን ይንገረን፤ እኛ እንስማው። እንውጣ። አመሰግናለሁ።