ጸበሉን አትተይ፣ ዱላውን ግን ተዉት

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራችሁ። እዚህ ባሕር ዳር የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ «ረባሽ» ስለሚባሉት ልጆች ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር አለ።

አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ አለ። የጓደኛውን እርሳስ ይቀማል። ጥያቄውን ሳልጨርስ መልሱን ይጮሃል። ደብተሩ ላይ ቀኑንና ርዕሱን ይጽፍና እዚያው ይቀራል። ሰነፍ ነው እንዳልል፣ በቃል ስጠይቀው ያውቃል።

እናቱ ጣና ዳር ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። «እታለም፣ ጸበልም ወሰድኩት፣ አባቱም ገረፈው፣ አልተወውም» አለችኝ።

ጸበሉን አትተይ አልኳት። ዱላውን ግን ተዉት። ልጅን ትኩረት የሚያሳጣ፣ የሚያቁነጠንጥና የሚያስቸኩል ኤዲኤችዲ የሚባል ችግር አለ፤ ከአንጎል እድገት ጋር የተያያዘ ነው፣ በዘርም ይወርዳል። አለንጋ አያወጣውም።

ሐኪም ደግሞ አንዴ አይቶ አይፈርድም። ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት መጀመሩን፣ ቢያንስ 6 ወር መቆየቱን፣ ቤትም ትምህርት ቤትም መታየቱን ይጠይቃል። ያለ መምህሩ ቃል ምርመራው ጎዶሎ ነው። ሲጠሩት የማይሰማ ልጅ የጆሮ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ለሰከንዶች ፍዝዝ የሚለው ደግሞ የሚጥል በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል። ይህ ሳይጣራ ስም መለጠፍ በደል ነው።

ለእናቱ፣ ለሐኪም የምታሳየው ግማሽ ገጽ ጻፍኩላት። «ያስቸግራል» ብዬ አይደለም። ስንት ደቂቃ እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንደሚብስበት፣ ምን ሲሆን እንደሚረጋጋ ጻፍኩ። ገበያዋን ዘግታ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደች። እዚያ መታየት «ልጇ አበደ» እንደሚያስብል ታውቃለች። ሄደች።

መድኃኒት አለ። ሜቲልፌኒዴት ብዙ ልጆችን ይረዳል። የምግብ ፍላጎት ሊዘጋ፣ እንቅልፍ ሊያሳጣ ስለሚችል ግን የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚቀድመው ለወላጆች የሚሰጥ ሥልጠና ነው።

እኔ ክፍል ውስጥ ያደረግኩት ገንዘብ አይጠይቅም። ፊተኛው ዴስክ ላይ፣ ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። አሥር ጥያቄ ስሰጥ ሰባቱን በወረቀት እሸፍንለታለሁ። ሦስቱን ሲጨርስ ወረቀቱን ዝቅ አደርጋለሁ። መቁነጥነጥ ሲጀምር ጠመኔ አምጣልኝ፣ ሰሌዳ አጥፋልኝ እለዋለሁ። ሲያደርግ እዚያው «ጎበዝ!» ይባላል። ቆይቶ የሚመጣ ጎበዝ ለእሱ አይደርሰውም።

ባልደረቦቼ «ስልሳ ልጅ ይዘን ለአንዱ?» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ ይከብዳል። የተማሪው ቁጥር መቀነስ አለበት፣ ይህን ለማንም እናገራለሁ። ግን እሱ ሲረጋጋ ከጎኑ ያሉትም ይማራሉ። ዛሬም የሚብስበት ቀን አለ፣ በተለይ ቁርስ ሳይበላ ሲመጣ።

የምትሰሙኝ መምህራን፣ የወላጅ ስብሰባ እስኪጠራ አትጠብቁ። እናቱን ልጇን ስታደርስ በር ላይ አግኟት። መጀመሪያ ልጁ ደህና አድርጎ የሠራውን አንድ ነገር ንገሯት። ያቺን እናት ያስጠራኋት ቀን፣ ገና ሰላም ሳንባባል «ዛሬ ደግሞ ማንን መታ?» ነው ያለችኝ።