ቤተሰብ ሳይጠየቅ አንጎል አይቀመጥም

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

እዚህ ለንደን በፓቶሎጂ ላቦራቶሪ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። ስለ አስከሬን ምርመራ ተናገሪ ተብያለሁ። እኔ ግን የመጣሁት በተለይ ስለ አንጎል ለመናገር ነው።

የአንጎል ጥናት ይቅር አልልም። የመርሳት በሽታ ወይም ጭንቅላት ላይ ያረፈ ምት ምን እንዳደረሰ በደንብ የሚታወቀው አንጎሉ ሲመረመር ነው። ትኩስ አንጎል ግን ለስላሳ ነው፤ በስሱ ለመቁረጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ፎርማሊን በሚባል ማጠንከሪያ ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። እስኪጠነክር ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቀብር ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

የአንዲት የማንቸስተር ሴት ታሪክ ልንገራችሁ። ባለቤቷ በ1987 እ.ኤ.አ. አረፈ። ኦርቶዶክስ አይሁዶች ናቸው። አስከሬን ሳይጎድል፣ ሳይዘገይ እንዲቀበር ሃይማኖታቸው ያዛል። ቀበረችው፤ አልቅሳ እርሟን አወጣች። በ2000 የሕክምና ማህደሩን ስታገላብጥ አንድ ደብዳቤ አገኘች። የባሏ አንጎል ለጥናት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል! ማንም አልጠየቃትም፤ ማንም አልነገራትም። ለ13 ዓመት ባሏን ሙሉውን የቀበረች መስሏት ኖራለች። ዝም ግን አላለችም። አቤት አለች፤ መንግሥት መርማሪ አዘዘ። በ2003 ሪፖርቱ ሲወጣ ነገሩ የእሷ ብቻ እንዳልነበር ታወቀ። ከ1970 እስከ 1999 ከ20 ሺህ በላይ አንጎሎች ተወስደው ተቀምጠው ነበር። ብዙዎቹ ቤተሰቦች የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የወጣ ሌላ ሪፖርትም የሊቨርፑሉ አልደር ሄይ ሆስፒታል የሕፃናትን አካል እንዲሁ ያለ ወላጅ ፈቃድ ማስቀመጡን አረጋግጧል።

የዚያን ጊዜ የሐኪሞቹ ምክንያት ምን ነበር? «ሐዘንተኛን ላለማስጨነቅ ብለን ነው።» አልቀበለውም! ሐዘንተኛን መጠየቅ ይከብዳል፤ አዎ፣ ይከብዳል። ሥራችን ነው፤ ይክበደን! የሞተው ሰው እናት አለችው፣ ልጆች አሉት። ስለ እሱ የመጨረሻውን ቃል እነሱ ይበሉ እንጂ መደርደሪያ ያለው ሁሉ አይወስንላቸውም!

ዛሬ ሕግ አለ። በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት ኮሮነሩ፣ ማለትም ድንገተኛ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ሞትን የሚያጣራው ባለሥልጣን፣ ምርመራውን ለማዘዝ ፈቃዳችሁን አይጠይቅም። የአሟሟቱ ምክንያት ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ግን ሟቹ ራሱ ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ አካል ማስቀመጥ እስከ 3 ዓመት ያሳስራል።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ከኮሮነር ቢሮ ስልክ ይደወላል። ለቅሶ ቤቱ ተጨናንቋል። እንግሊዝኛ ይችላል የተባለ አንድ ልጅ ስልኩን ይቀበልና ግማሹ ሳይገባው «የስ፣ የስ» ብሎ ይዘጋል። እባካችሁ ይሄ ይቅር! አስተርጓሚ ጠይቁ። «የሚቀር አካል አለ ወይ? እስከ መቼ?» በሉ። ቀብሩን አዘግይቶ አንድ ላይ መቅበር ይቻላል። በኋላ ተቀብሎ መቅበርም፣ እዚያው በክብር እንዲያስወግዱት መፍቀድም፣ ለጥናት መስጠትም ይቻላል። መስጠት ለሚፈልግ እኔ ራሴ አመሰግነዋለሁ፤ ብቻ አውቆ ይስጥ።

አስከሬን ወደ አገር ቤት የምትልኩ ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቁ። በአንዳንድ አካባቢ ሳይቀደድ በሲቲ ስካን መመርመር ይቻላል፤ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

ጥያቄዎቹን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፌ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ስትወጡ አንድ አንድ ወረቀት ውሰዱ፤ ስልኬም አለበት። በሌሊትም ቢሆን ደውሉልኝ።