በሁላችን ስም አትናገሩ

የተከበራችሁ ቄሶች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማነሳው ለረጅም ጊዜ ሲያንገበግበኝ የቆየ ነገር ነው። እዚህ እስራኤል ቴሌቪዥን ስከፍት አንድ ተንታኝ ተቀምጦ፣ ከኢትዮጵያ ስለመጣነው አይሁድ «የኢትዮጵያውያኑ ማኅበረሰብ እንዲህ ያስባል» ይላል። ማንን ጠይቆ? አይነግረንም። ጋዜጠኛውም አይጠይቀውም።

በፈረንጆቹ 2019 ወጣቱ ወገናችን ሰለሞን ተካ በሃይፋ ከተማ ኪርያት ሃይም ሰፈር ውስጥ በፖሊስ ጥይት ሲገደል ልጆቻችን መንገድ ዘጉ። የዚያን ሰሞን ስለ እኛ የተባለውን አስታውሱ። እስከዚያ ድረስ «ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ታጋሽ» ነበርን። በአንድ ሌሊት «ቁጡ ማኅበረሰብ» ሆንን። መንገድ የዘጋም ነበር፤ መኪና ሲቃጠል አይቶ ያለቀሰም ነበር፤ ልጁ እንዳይወጣ በር ላይ የቆመ አባትም ነበር። አንዳንድ ቤት ሦስቱም አንድ ማዕድ ይቆርሱ ነበር። ይህን ቤት የትኛው ተንታኝ ነው የወከለው?

እስራኤል ውስጥ ከ160,000 በላይ ነን። በሱዳን በረሃ በእግሩ የመጣ አለ። በ1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ሲጓጓዝ፣ ከአዲስ አበባ የተሳፈረ አለ። ጎንደር ዓመታት ጠብቆ የመጣ አለ። እዚሁ ተወልዶ አማርኛ የማይሰማ አለ። ከትግራይ የመጡትንማ ጭራሽ የሚያስታውሳቸው የለም!

ደግሞ እንከራከራለን። ጎንደርና አዲስ አበባ የቀሩት ይምጡ በሚለው ላይ፣ የቄሶች ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ነው በሚለው ላይ፣ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር እንከራከራለን። ድሮም እንደዚሁ ነበር። ራቢናቱ፣ የእስራኤል የሃይማኖት ባለሥልጣን፣ ለጋብቻ በውኃ የመንጻት ሥርዓት ፈጽሙ ሲለን፣ በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ሕንጻው ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ያኔም ሥርዓቱን የፈጸሙ ነበሩ፤ በጭራሽ ያሉም ነበሩ።

ከሁሉ የሚያመኝ ግን የእናቶቻችን ነገር ነው። ስቱዲዮ የሚጠራው ዕብራይስጥ የሚያቀላጥፍ ሰው ነው። እናቶቻችን «ምስኪን»፣ «ልጆቻቸውን መቆጣጠር ያቃታቸው» እየተባለ ይወራባቸዋል እንጂ አይጠየቁም። አስተርጓሚ ይዞ ቤታቸው የመጣ ጋዜጠኛ ስንቶቻችሁ አይታችኋል? የጸሎት በዓላችን ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ነው። ካሜራዎቹ በዓሉ እስከሚከበርበት ኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ድረስ ይመጣሉ፣ የቄሶቹን ዣንጥላ ይቀርጻሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዕብራይስጥ የሚችል ወጣት ጠይቀው ይሄዳሉ። ጸሎቱን የሚመሩት ቄሶች እዚያው ቆመዋል እኮ!

ከመካከላችን ስቱዲዮ የምትጋበዙ ልጆቻችን፣ እናንተን ዝም በሉ አልልም። ዘረኝነትን ፊት ለፊት ስትጋፈጡ እኮራባችኋለሁ። አንድ ድምፅ ካልሆንን ማንም አይሰማንም እንደምትሉም አውቃለሁ። ልጆቻችንን በቀለማቸው ምክንያት ፖሊስ መንገድ ላይ እንዳያስቆማቸው በመጠየቅ አንድ ነን። በሌላው ሁሉ ግን «እኔ የማስበው ይህን ነው» ብላችሁ ጀምሩ። «ማኅበረሰቡ ምን ይላል?» ስትባሉ፣ የማይስማማችሁን ሰው ስልክ ለጋዜጠኛው ስጡት።

አሁን የጥያቄና የአስተያየት ሰዓት ነው። ማይኩ መጀመሪያ ወደ እናቶች ይሂድ። በአማርኛም በትግርኛም ተናገሩ፤ ለወጣቶቹ የሚተረጉም ሰው አዘጋጅተናል።