ግቢ ነው ወይስ መንገድ?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የባሕር ምህንድስና ሰልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ጣና ዳር ቆሞ ስለ ሰሜን ዋልታ በረዶ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ግን ብዙዎቻችሁ ነገ የውጭ መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ ነው የምትሠሩት። መርከቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው ደግሞ የሞተር ክፍሉ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ላይ ወጣ ስትሉ ዙሪያችሁን በረዶ ታገኙ ይሆናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው፤ እንዳትደናገሩ።

ከሰፈር ልነሳ። የአንድ ሰው ግቢ ከፊትም ከኋላም በር አለው እንበል። ዙሪያውን መሄድ የሰለቸው ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ» እያለ በመሃል ያልፋል። ባለቤቱ ዝም ይላል። ከዓመታት በኋላ አንዱን በር ልዝጋ ሲል ሰፈሩ ይጮኻል፦ «እንዴ! ይሄ እኮ መንገድ ነው!» የአርክቲክ፣ ማለትም የሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ ጠብም ከሞላ ጎደል ይሄው ነው።

ከካናዳ በስተሰሜን ባሉት ደሴቶች መሃል ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ የሚያሻግር ውሃ አለ። የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ይባላል። አውሮፓውያን ለዘመናት ሲፈልጉት ኖረዋል። በ1845 የወጣው የእንግሊዛዊው ጆን ፍራንክሊን ጉዞ 129 ሰው በልቶ ቀረ። ኖርዌጂያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ዘልቆ ለመውጣት ከ1903 እስከ 1906 ፈጀበት። እንዲህ ባለ ቦታ ማን ይጣላል? በረዶው ራሱ ዘበኛ ነበር።

ዘበኛው አሁን ሥራውን እየለቀቀ ነው። ሳተላይት በ1979 መለካት ሲጀምር፣ በረዶው በጣም በሚያንስበት በሴፕቴምበር ወር 7 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍን ነበር። በ2012 ወደ 3.4 ሚሊዮን ወረደ። ነጩ በረዶ የፀሐይን ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ውሃ ግን ይጠጣዋል። በቀለጠ ቁጥር ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር ይቀልጣል።

እንግዲህ ካናዳ ያንን መተላለፊያ «ግቢዬ ነው» ትላለች፤ በሕግ ቋንቋ የውስጥ ውሃ። አሜሪካ ደግሞ «ዓለም አቀፍ ሰርጥ ነው» ትላለች፤ ማለትም መንገድ። በ1985 ፖላር ሲ የተባለች የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በረዶ ሰባሪ መርከብ በዚያ በኩል ወደ አላስካ አለፈች። ፈቃድ አልጠየቀችም። መጠየቅ «ግቢህ ነው» ማለት ነዋ! ካናዳ ታዲያ ምን አደረገች? ያልተጠየቀችውን ፈቃድ ሰጠች። ይሄን ባነሳሁ ቁጥር እስቃለሁ። ሰው ሳያስፈቅድ በግቢህ ሲያልፍ ከኋላው «እለፍ፣ ፈቅጃለሁ!» ብሎ እንደመጮህ ነው። የተቆጡ ካናዳውያን ደግሞ ከአውሮፕላን ባንዲራቸውን መርከቧ ላይ ጣሉባት።

በ1988 ሁለቱ አገሮች ተፈራረሙ። የአሜሪካ በረዶ ሰባሪዎች በካናዳ ፈቃድ ያልፋሉ፤ ይህ ግን የማንንም አቋም አይነካም። ግቢም ነው፣ መንገድም ነው እንደማለት። የኛ ሽማግሌ እንዲህ አይሸመግልም፤ ዲፕሎማት ግን ያደርገዋል።

አሜሪካ ለምን ግትር አለች? እዚያ «ግቢ ነው» ብላ ከተቀበለች፣ ነገ ሌላው በሆርሙዝ ሰርጥ፣ ሌላው በማላካ ሰርጥ ያንኑ ይላታል። እኛም ከዚህ ክርክር ውጭ አይደለንም። ከአውሮፓ የሚመጣልን ዕቃ በስዊዝ ገብቶ በባብ ኤል መንደብ ወጥቶ ነው ጅቡቲ የሚደርሰው። የባሕር በር የሌለው አገር ሰርጥ ሁሉ መንገድ ቢሆንለት ይወዳል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ እንደ ኢትዮጵያዊ ልቤ ወደ አሜሪካ ያደላል። እንደ ሰው ግን... ቆዩ፣ እመለስበታለሁ።

ሩሲያ ከካናዳ ትጠነክራለች። በሰሜን ዳርቻዋ በሚሄደው መስመር ለማለፍ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። እንደ በረዶው ሁኔታ በረዶ ሰባሪ ይመራችኋል፤ ትልልቆቹ በኒውክሌር ነው የሚሠሩት። ሩሲያ ከምትጠቅሳቸው ሕጎች አንዱ የ1982ቱ የባሕር ሕግ ስምምነት አንቀጽ 234 ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በበረዶ በተሸፈነ ባሕር ላይ፣ የዳርቻው አገር ብክለትን ለመከላከል የራሱን ደንብ ማውጣት ይችላል ይላል። አያችሁት? ሥልጣኑ የቆመው በረዶ ላይ ነው። በረዶው ሲሄድ ሥልጣኑስ ወዴት ይሄዳል? የሕግ ሰዎች ገና እየተከራከሩበት ነው።

አቋራጩ በካርታ ላይ ሲታይ ያጓጓል። ከዮኮሃማ ሮተርዳም በስዊዝ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሩሲያ በኩል 13,000 ገደማ። ኤቨር ጊቭን የተባለችው ግዙፍ የኮንቴይነር መርከብ በ2021 ስዊዝን ለ6 ቀን ስትዘጋ ሩሲያ መስመሯን ለማስተዋወቅ ጊዜ አላጠፋችም። እኔ ግን ብዙ አልጓጓም። በ2023 በዚያ መስመር የተጓዘው ጭነት 36 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር፤ አብዛኛው የራሷ የሩሲያ ነዳጅና ጋዝ። በስዊዝ በዚያው ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ አልፏል። የኮንቴይነር መርከብ የሚኖረው በየወደቡ እያወረደና እየጫነ ነው፤ እዚያ መንገድ ላይ ሲንጋፖር የለም፣ ኮሎምቦ የለም። ጥልቀቱም ችግር ነው፤ በሩሲያው መስመር ላይ ያለው የሳኒኮቭ ሰርጥ 13 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ግዙፎቹ አያልፉም። በካናዳ በኩል ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ከላይ ሲቀልጥ፣ ለዓመታት የጠጠረው ወፍራም በረዶ ተላቆ ወደ ጠባቦቹ መተላለፊያዎች ይወርዳል። መቅለጡ ራሱ መንገዱን ይዘጋዋል ማለት ነው። ሞተሩ ቀጥ ቢልባችሁ ጎታች መርከብ እስኪደርስ ስንት ቀን እንደምትጠብቁ እናንተው አስቡት።

አሁን ወዳቆየሁት ነገር ልመለስ። በ2007 ሩሲያውያን በሰሜን ዋልታ 4,200 ሜትር ያህል ጠልቀው ከቲታኒየም የተሠራ ባንዲራ የባሕሩ ወለል ላይ ተከሉ። የካናዳው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ይሄ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው ብለው አጣጣሉት። ልክ ናቸው። ግን ካናዳም ባንዲራ ተክላለች፤ ያውም በሰው።

በ1953 የካናዳ መንግሥት በሰሜን ኩቤክ ኢኑክጁዋክ ከሚባል ሰፈር የአርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የኢኑይት ቤተሰቦች በመርከብ ጭኖ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ወሰደ። የተሻለ አደን አለ ተባሉ። ካልወደዳችሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ትመለሳላችሁ ተባሉ። የወረዱበት ቦታ በብርዱ ወራት ፀሐይ አይወጣም። የመጀመሪያውን ብርድ በድንኳን አሳለፉት። ቃሉም አልተጠበቀም። ተፈናቃዮቹና ልጆቻቸው «የሰው ባንዲራ አደረጉን» ይላሉ፤ ሰው ከኖረበት መሬቱ የካናዳ ነው ለማለት። መንግሥት ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው።

ለኢኑይት ባሕር ሲረጋ መሬት ነው። በላዩ ያድናሉ፣ ይጓዛሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ። በረዶ ሰባሪ መርከብ ሲያልፍ የሚሰነጥቀው አስፋልታቸውን ነው። ካናዳ ዛሬ «ግቢዬ ነው» ስትል ከምትጠቅሳቸው ማስረጃዎች አንዱ የእነዚሁ ሰዎች ኑሮ ነው። እንግዲህ ግቢ ነው ወይስ መንገድ ብትሉኝ፣ እኔ መጀመሪያ የማን ግቢ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ያኔ ከተመሠረቱት ሰፈሮች አንዱ ዛሬም አለ። በካርታ ላይ ግሪስ ፊዮርድ ተብሎ ታገኙታላችሁ። ነዋሪዎቹ በቋንቋቸው አውዩይቱክ ይሉታል። «የማይቀልጥ ቦታ» ማለት ነው።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጅ አውጡ።