የሞተ ፍሪጅ፣ የወጣ ዕቁብ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ልጆቹ ተኝተዋል፣ ባለቤቴ ሳሎን ኳስ ያያል፣ እኔ ደግሞ መኝታ ቤት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ግማሽ ሰውነቴን ልብሱ መሀል ከትቼ እየቀዳሁ ነው። በዚህ ኮንዶሚኒየም ድምፅ የማያስተጋባበት ቦታ እሱ ብቻ ነው። ጎል ከገባ ትሰማላችሁ፣ ካሁኑ ይቅርታ።

የዛሬው ወሬ ከዕቁብ ይጀምራል። ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ዕቁብ ወጣልኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በሦስተኛው ቀን ፍሪጁ ሞተ። 11 ዓመት ያገለገለን ፍሪጅ ነው። ሰሪ መጣ፣ ጀርባውን ከፈተ፣ ኮምፕረሰሩ ሄዷል አለን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በኃይል ስለሚመጣ ነው የመታው፣ ስታብላይዘር የላችሁም እንዴ ብሎ እንደ ሐኪም ተቆጣን። የጠየቀን የጥገና ዋጋ ደግሞ ትንሽ ቢጨመርበት ሌላ ፍሪጅ ይገዛል።

የዕቁብ ብር ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ስም ካላወጣችሁለት ይበተናል። ስለዚህ በዚያው ማታ ስብሰባ ተቀመጥን። ባለቤቴ ፍሪጅ አለ፣ አላመነታም። እኔ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አልኩ። እማዬ፣ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ መቁጠሪያዋን እንደያዘች "ሁለቱም ቅንጦት ነው፣ ሮቶ ግዙ" አለች። ትልቁ ልጄ ቴሌቪዥኑ ትንሽ ነው አለ። የሱን ድምፅ አልቆጠርነውም።

ቅንጦት። እኔ ይቺን ቃል ከዚያ ማታ ጀምሮ እያላመጥኳት ነው። የእማዬ መለያ ቀላል ነው፣ እሷ ልጅ እያለች ያልነበረ ነገር ሁሉ ቅንጦት ነው። በየጠዋቱ መዝሙር የምታይበት ቴሌቪዥን ሲቀር ማለት ነው፣ እሱ አስፈላጊ ነው። ባለቤቴም የራሱ መለያ አለው፣ ጎረቤት ሁሉ ካለው አስፈላጊ ነው። በሱ ሂሳብ ማይክሮዌቭ ቅንጦት የሚሆነው ታች ያሉት እስኪገዙ ድረስ ብቻ ነው። በሁለቱም ሳቅኩ። የራሴን መለያ ስፈልግ ግን ባዶ።

አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። ብሩ ባንክ ይቀመጥ፣ ያለ ፍሪጅ እንየው አልን። አዲስ አበባ እንደሆነች ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የኛ ጓዳ ጠዋት ጠዋት ራሱ ፍሪጅ ነው።

መጀመሪያ ላይ በጣም ቀለለኝ፣ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። አስቡት፣ ሽሮ መቼ ፍሪጅ ፈልጎ ያውቃል? ምስሩ፣ ክኩ፣ በርበሬው? የኛ አገር ጓዳ እኮ ድሮውንም ያለ ፍሪጅ እንዲኖር ተደርጎ የተሠራ ነው። ሥጋው ቋንጣ ይሆናል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ የተረፈው እንጀራ ድርቆሽ ይሆናል። ለጓደኞቼ ሁሉ ፍሪጅ ትርፍ ነገር ነው ብዬ ሰበክሁ።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስብከቱ ቆመ። ድሮ እሁድ እሁድ ነበር የምሠራው፣ ለአራት ቀን የሚሆን ወጥ ሠርቼ በየዕቃው ከፋፍዬ አስገባለሁ። አሁን በየማታው ነው። ከሥራ ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ፣ አራት ፎቅ ወጥቼ፣ ሽንኩርት መላጥ። ፍሪጁ ለካ የእሁዱን ጉልበቴን ነበር ለሐሙስ የሚያስቀምጥልኝ። እንጀራውም በአራተኛው ቀን ሻገተ፣ ስለዚህ በሳምንት ሁለቴ መጋገር ሆነ።

ስለ መጋገር ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ልበላችሁና እመለሳለሁ። የኛ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። ፍሪጅ፣ ደህናው፣ ቀኑንና ሌሊቱን ሠርቶ የሚበላው ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ምጣዱ ያንን በ20 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፣ ገና አክንባሎው በደንብ ሳይሞቅ ማለት ነው። ከቤታችን ዕቃ ሁሉ እንደ ምጣድ መብራት የሚበላ የለም። ግን ሰው ምጣድን ቅንጦት ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የበዓል ዋዜማ ብሎኩ ሁሉ ሲጋግር አምፖሉ ይደክማል፣ ማንም አያማርርም። ህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ሲባል እዚህ ቤት አጨብጭበናል፣ የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ግን ዜናውን የሰማ አይመስለኝም። እርሾው ደርሶ፣ አብሲት ተጥሎ፣ ቡሆው ገንፍሎ፣ ግማሹ ተጋግሮ መብራት ሲጠፋ... ይሄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የማታውቁ እናቶቻችሁን ጠይቁ።

እሺ፣ ወደ ፍሪጁ።

ሁለተኛ ፎቅ አንድ እናት አሉ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸውን የሚያስቀምጡት እኛ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ያልተከፈተው ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት፣ የተከፈተው ነው ብዙ ሙቀት ከሌለ 4 ሳምንት ገደማ ውጪ የሚቆየው። ፍሪጁ በሞተ ማግስት መጥተው ወሰዱት፣ አንደኛ ፎቅ ያለ ሰው ጋ አስቀመጡት። "ምን ቸገረኝ ልጄ" አሉኝ። ያ ሰው በሥራ ሰበብ ቤቱን ቆልፎ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚጠፋ የሰማሁት ኋላ ነው፣ ከእሳቸው ሳይሆን ከጥበቃው። ያን ማታ እኛ ስብሰባ ተቀምጠን ስለ ፍሪጅ ስንከራከር አንዳችንም እሳቸውን አላነሳንም። ፍሪጁን ቅንጦት ነው አስፈላጊ ነው እያልን የነበርነው ሁላችንም ጤነኞች ነን።

እንግዲህ መለያዬን ያገኘሁት እዚህ ጋ ነው። ዕቃው ከቤት ሲወጣ ሥራው በማን ጀርባ ላይ ነው የሚወድቀው? ይሄን ነው መጠየቅ የጀመርኩት። ደስ የሚል ጥያቄ አይደለም፣ ምክንያቱም ወዲያው ስለ ልብስ ማጠቢያው አሰብኩ።

ግን መጀመሪያ የአያቴን ወፍጮ ልንገራችሁ። እማዬ ያደገችው ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ገጠር ነው። እናቷ ዶሮ ሲጮህ ተነስታ መጁን ይዛ ወፍጮው ላይ ትጎነበስ ነበር። ጤፍ ታውቃላችሁ፣ ከፍሬ ሁሉ ትንሿ ናት፣ በእጅ ስትፈጭ አታልቅም። እማዬ እንቅልፏን የምትተኛው በወፍጮው ድምፅ ነበር፣ ሲቆም ነው የምትነቃው። ኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ፣ እነሱ ባቡር ነው የሚሉት። ወንድ አያቴ ታዲያ አልወደደውም። የባቡር ዱቄት እንጀራው አይጥምም፣ ለሰነፍ ሴት የመጣ ነገር ነው ይል ነበር አሉ። አያቴ በሕይወቱ መጅ ይዞ አያውቅም። ዛሬ ወፍጮ ቤት ሄዶ ማስፈጨት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢመጣ እብድ ነው የምንለው። ይሄን ታሪክ እማዬ እየሳቀች ነው የነገረችኝ፣ ማሽኑን ቅንጦት ያለችው እራሷ መሆኗን ሳስታውሳት ግን "እሱ ሌላ ነው" ብላ ወደ መቁጠሪያዋ ተመለሰች።

አሁን የኔን ጉድ ልናገር። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የምታጥብልን ሴት አለች። እኩያዬ ናት፣ ግን እትዬ ነው የምትለኝ። ማሽን ለምን አልገዛሁም ብላችሁ ሦስት ዓመት ሙሉ ብትጠይቁኝ መልሴ አንድ ነበር፣ እንጀራዋን አልዘጋባትም። ስናገረው ያምርብኛል ደግሞ። እውነቱ ምንድነው፣ የሷ ቀን ከማሽኑ ይረክሳል። ካልኩሌተር ይዤ ያሰላሁት ነገር ነው፣ ለሷ አዝኜ አይደለም። እጆቿን አይቻቸዋለሁ፣ በዱቄት ሳሙና ተሰነጣጥቀዋል። ክረምት ላይ ውሃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ እኔ አንድ ሲኒ ሳለቀልቅ አይደል የማማርረው።

አንድ ቅዳሜ ጠየቅኋት። ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ ጋቢ ትጨምቃለች፣ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ምን እንደሚያክል ታውቃላችሁ። ማሽን ብገዛ ምን ትያለሽ አልኳት፣ ትደነግጣለች ብዬ። ቀና እንኳ አላለችም። "ጋቢና ብርድ ልብሱን ቢያጥብልኝማ በወደድኩ እትዬ። እኔ ምን ሥራ አጣለሁ? ካውያው አለ፣ እንጀራም እጋግርልዎታለሁ። ቅዳሜዬን ብቻ እንዳይቀንሱብኝ።" በቃ። ሦስት ዓመት ስጨነቅላት የኖርኩት ነገር በአራት አረፍተ ነገር አለቀ። ጠይቄያት አላውቅማ።

ታናሽ እህቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ቤሩት ሰው ቤት 6 ዓመት ሠርታለች። አሁን ለሚሄዱት በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ፣ ቁጥር 923፣ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል፣ እሷ ስትሄድ ያ ሁሉ አልነበረም፣ ማሽኑን ሁሉ የተማረችው እዚያው እየተሰደበች ነው። የሌለ ዕቃ የለም በዚያ ቤት። ከዚያ ሁሉ የትኛው ይናፍቅሻል ስላት ሳታስብ "ኩሽና ውስጥ ከቧንቧ የሚመጣ ሙቅ ውሃ" አለችኝ። ሌላውስ? "ሌላው ሥራ ነው የሚወልደው። ምንጣፍ መጥረጊያው ማሽን ስላለ ምንጣፉ በየቀኑ ይጸዳል፣ ልብስ ማጠቢያው ስላለ አንዴ የተለበሰ ልብስ ሁሉ ይታጠባል፣ ካውያው ደግሞ በእጅ ነው፣ አንሶላ ሳይቀር።" ይሄን ነገር ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። ዕቃው ሲመጣ ልክ የምንለው ነገር አብሮ ከፍ ይላል፣ እረፍት የምታገኝ የመሰለችው ሴት እዚያው ናት።

ታዲያ ምን ገዛችሁ አትሉም? እማዬ አሸነፈች፣ በከፊል።

ምክንያቱም ማሽን ውሃ ይፈልጋል። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ እሱም ሌሊት፣ አራተኛ ፎቅ ደግሞ ቢመጣም በጭላጭ ነው። ሙሉ አውቶማቲክ ማሽን ለአንድ እጥበት 50 ሊትር አካባቢ ይወስዳል፣ ግፊትም ይፈልጋል። 50 ሊትር ማለት በ20 ሊትሩ ጀሪካን ሁለት ተኩል ነው፣ አንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ፣ ደረጃው አራት ፎቅ። አንዷ ጎረቤቴ የገዛችው ማሽን ላይ ዳንቴል አልብሳ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች። ሦስት ዓመቱ ነው፣ በጣም ያምራል።

ስለዚህ መጀመሪያ 500 ሊትር ሮቶ ከነፓምፑ። በረንዳ ላይ እናስቀምጠው ብሎ ነበር ባለቤቴ፣ 500 ሊትር ውሃ ግማሽ ቶን መሆኑን ሳሰላለት ሐሳቡን ቀየረ፣ ምድር ላይ ይሆናል፣ ለዚያ የብሎኩን ኮሚቴ ማስፈቀድ ራሱን የቻለ ክፍል ይወጣዋል፣ ሌላ ቀን። ከፋሲካ በፊት አነስ ያለች ያገለገለች ፍሪጅ ገዛን፣ በዚህኛው ጊዜ ከስታብላይዘር ጋር። ኢንሱሊኑ ተመልሷል። እኚያ እናት በማግስቱ ዳቦ ደፍተው ላኩልን፣ አፈርኩ።

ከዚያ የቀረው ብር ለሙሉ አውቶማቲክ አልበቃም። ሴሚ አውቶማቲክ የሚሉት አለ፣ ባለ ሁለት ጉድጓድ፣ አንዱ ያጥባል አንዱ ይጨምቃል፣ ውሃውን በባልዲ መሙላት ይቻላል፣ ግፊት ምናምን አይልም። ከደመወዜ ጨምሬ ያዝኩት። ከአንዱ ወደ ሌላው ልብሱን የሚያዛውር ሰው ይፈልጋል፣ ያው ሙሉ በሙሉ ነፃ የሚያወጣ አይደለም፣ ግን ጋቢውን ይጨምቃል። እኔ የፈለግኩት እሱን ነው። ባለቤቴ አሁንም ማይክሮዌቭ እያለ ነው።

ማሽኑ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ጫኝና አውራጆቹ የጠሩልኝን ዋጋ ብነግራችሁ ስልካችሁን ትጥሉታላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ይሄን እያማረርኩ ሳወራ ልብስ የምታጥብልን ሴት ሰማችኝና እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች። "እኔና ልጄ እናወጣዋለን እትዬ፣ ለነሱ ከሚከፍሉት ግማሹን ይስጡን" አለችኝ። ልጇ 16 ዓመቱ ነው። እስካሁን እሺም እምቢም አላልኳት፣ ቅዳሜ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ጎል ገባ መሰለኝ። ትንሹ ከነቃ አለቀልኝ፣ ቻው።