ዐውደ ርዕዩ በሴሚስተሩ መካከል ይሁን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ ከሰፈሩ የመጣችሁ ነዋሪዎች፣ እንደምን አላችሁ!

የአርክቴክቸር ተማሪዎች በሴሚስተሩ ማብቂያ ለሰፈሩ ያሰቡትን ዲዛይን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ሥራውን የሚገመግመው ጁሪ አይቶ ማርክ ይሰጣል። ከዚያ «ነዋሪውም ይግባ» ተብሎ በሩ ይከፈታል። ጥቂት ሰው ይገባል፤ «ጎበዞች ናችሁ፣ በርቱ» ብሎ ይወጣል። በዚህ ምስጋና ባንደሰት ይሻላል። ሥዕሉ ቢገባውና የሚለወጥ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ይከራከረን ነበር። ሁሉም ካለቀ በኋላ የተጠራ ሰው ደግሞ ከማድነቅ ሌላ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ጊዜው ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ ዐውደ ርዕዩ 6ኛው ወይም 7ኛው ሳምንት ላይ ይዋል። ያኔ ተማሪው ሐሳብ አለው፣ ሐሳቡ ግን ገና አልደረቀም። ሥዕሉም በእጅ የተሠራ ረቂቅ ይሁን። ፎቶ የሚመስል የኮምፒውተር ምስል የሰቀልን እንደሆነ ተመልካቹ ነገሩ ተወስኖ ያለቀ ይመስለዋል፤ አፉንም ይይዛል።

ቀጥሎ ቦታው። የትምህርት ቤት በር ለብዙ ሰው ከባድ ነው። ሰው በራሱ ጉዳይ ቆሞ የሚጠብቅበት ስፍራ፣ ማለትም አውቶቡስ ፌርማታ፣ የክሊኒክ መጠበቂያ ወይም ቤተ መጻሕፍት፣ ከጋለሪ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ ቶኒ ጊብሰን «ፕላኒንግ ፎር ሪል» የተባለውን ዘዴ ሲያወጣ የሰፈሩ ሞዴል፣ ማለትም አሳንሶ የተሠራው ቅጂ፣ ተከፋፍሎ የሚጓጓዝ ነበር። ነዋሪው ሐሳቡን በካርድ ሞዴሉ ላይ ያስቀምጣል፤ ባለሙያው ሲጠየቅ ብቻ ይመልሳል። ስብሰባ ላይ እጁን የማያወጣ ሰው ካርድ ለማስቀመጥ አይፈራም።

ሞዴሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራው ያለው እዚያ ነው። 300 በ200 ሜትር የሆነ ሰፈር በ1:200 ስኬል፣ ማለትም 200 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ 150 በ100 ሴንቲሜትር ይወጣዋል። ይህን 50 በ50 በሆኑ 6 ክፋዮች ሥሩት፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። መሠረቱ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፎም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ ቀላል የፎም ሰሌዳ) ይሁን። የሰፈሩን ካርታ በአንድ ፊት ብቻ በውሃማ ሙጫ ከለጠፋችሁት ሲደርቅ ቦርዱ ይቆለመማል፣ ክፋዮቹም አይገጥሙም። ከጀርባውም ተመሳሳይ ወረቀት ለጥፉበት። መቁረጫው መስመር ቤት መሃል ከገባ ቤቱን ሳትቆርጡ በአንዱ ክፋይ ላይ ብቻ ለጥፉት። ቤቱን ለሁለት ተሰንጥቆ ያየ ሰው ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አይታየውም።

አንድ ነዋሪ ሞዴል ፊት ሲቆም መጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈልጋል። ጣቱን ከዋናው መንገድ ያነሳና በሱቁ፣ በትልቁ ዛፍ፣ በውሃ ቧንቧው በኩል እያለፈ ይመጣል። ሱቁና ዛፉ ከሌሉ ጣቱ መንገድ ላይ ይቀራል። ተማሪ ሕንፃውን ሁሉ በጥንቃቄ ሠርቶ የሚረሳው እነዚህኑ ነው። ሰውየው ቤቱን እስኪያገኝ ዝም በሉ፤ ሲያገኝ እስፒል ስጡትና ይትከልበት። ሌላም አለ፦ የሞዴሉን ሰሜን ከእውነተኛው ሰሜን ጋር አግጥሙት። ሰሜን ወደ ላይ ይሁን የሚለው የወረቀት ሕግ ነው፤ ነዋሪው ሰፈሩን የሚያውቀው በእግሩ ነው።

አሁን ያለው ቤት ግራጫ ሆኖ ይጣበቅ፤ የሚታሰበው ነጭ ሆኖ ሳይጣበቅ ይቀመጥ። እጅ የሚነካው ነገር ምን እንደሆነ ያለ ማብራሪያ ይታወቃል። ጠረጴዛው ከ75 እስከ 80 ሴንቲሜትር ቁመት ይኑረው፤ ለልጅም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣም ይሆናል። ዙሪያውን 120 ሴንቲሜትር፣ ወንበር በሚዞርበት ቦታ 150 ሴንቲሜትር ክፍት ተዉ።

በግድግዳው በኩል ብዙ አልልም። ፓኔሉ፣ ማለትም የሚሰቀለው ሰሌዳ፣ ኤ1 (59 በ84 ሴንቲሜትር ገደማ) ከሆነ መሃሉ ከወለል 145 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ይሁን፤ የፊደሉ መጠን ከ30 ፖይንት አይነስ፣ ጽሑፉም ከ80 ቃል አይብለጥ። ስክሪን ላይ ያማረ ቀጭን መስመር ከሁለት ሜትር ይጠፋል። «ሰርኩሌሽን» ከማለት «መተላለፊያ» በሉ።

የመጀመሪያው ፓኔል ግን የዲዛይን ፓኔል አይሁን። «ይህ የተማሪዎች ሐሳብ ነው፤ በጀት አልተመደበለትም፤ የሚወስነው እገሌ የተባለ አካል ነው» ብሎ በትልቁ ይናገር። ይህ ካልተጻፈ ነዋሪው «መቼ ይጀመራል?» ይላል፣ ሌላው «ቤቴ ሊፈርስ ነው» ብሎ ወሬውን ይዞ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቁጣ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪ ይተርፋል።

ሞዴሉ ዘንድ የሚቆሙት ሁለት ተማሪዎች ይሁኑ፣ በየሁለት ሰዓቱ ይቀያየሩ። ዲዛይኑን የሠራው ግን እዚያ አይቁም። ሰው ሲተቸው መከላከል ይጀምራል፤ ነዋሪውም ይሉኝታ ይይዘዋል። «ወደዱት?» ብሎ መጠየቅም ይቅር። «ማታ በየትኛው መንገድ መሄድ አይወዱም?» ብትሉ መልሱ ካርታ ላይ የሚቀመጥ ይሆናል። አረንጓዴ ካርድ የሚቆየውን፣ ቢጫ የሚለወጠውን፣ ቀይ አደጋ ያለበትን ያሳይ። ካርድ ይወድቃል፣ ልጆችም ያዛውሩታል፤ ስለዚህ ሁሉም ቁጥር ይኑረው፣ በየምሽቱም ከላይ ከአንድ ቦታ ፎቶ ይነሳ። ብዕሩን በክር እሰሩት።

ስኮትላንዳዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ፓትሪክ ጌዴስ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ የከተማ ፕላን ዐውደ ርዕዩን ከከተማ ወደ ከተማ ይዞ ይዞር ነበር። በ1914 ዕቃውን ወደ ሕንድ የጫነችው መርከብ ኤምደን በተባለው የጀርመን የጦር መርከብ ተመታችና ስብስቡ ባሕር ገባ። ሌላ ተሰብስቦ በ1915 ማድራስ ላይ ታየ። የእኛን የሚያሰጥም መርከብ ባይኖርም የሚሰረቅ ላፕቶፕ አለ፤ ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ እዚያው ቦታ ተመለሱ። አሁን የምትሰቅሉት አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ሦስት ዐምድ ይኑረው፦ የነገራችሁንን፣ የለወጥነውን፣ ያልለወጥነውንና ምክንያቱን። ተማሪ ሦስተኛውን ዐምድ ባዶ መተው ይቀናዋል፤ ሰው ቆሞ የሚያነበው ግን እሱን ነው። 6ቱን የሞዴል ክፋዮች ደግሞ ለሰፈሩ አስረክቡ። እላያቸው የቆመው እንዳይሰበር ለየአንዳንዱ ክዳን ያለው ሣጥን ሥሩላቸው፤ ጥልቀቱ ከረጅሙ ሕንፃ በ2 ሴንቲሜትር ይብለጥ።

አመሰግናለሁ።