ፖስታውን ከስኮርታ ጎማው ሥር አውጡት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ጥምቀትን በሰላም አክብረን ለመገናኘት በመብቃታችን እግዚአብሔር ይመስገን።

ኮሚቴው የጋበዘኝ ስለ ታክስ እንድናገር ነው። የዓመቱን የታክስ ፎርም ሞልቶ የማስገቢያው፣ ፋይል የማድረጊያው ሰሞን ደርሷል። ብዙ ነገር ጽፌ መጥቻለሁ። አንዱን ነገር ካልተናገርኩ ግን ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም። እሱም ከአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይ.አር.ኤስ. የመጣን ፖስታ መደበቅ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ሬገን ኤርፖርት ታክሲ ወረፋ ላይ ስንት ክረምት አብረን አሳልፈናል። ያን ጊዜ አንድ የአገራችን ሰው ታክስ ይሠራልን ነበር። ሪፈንድ፣ ማለት ከታክስ ተመላሽ የሚሆነውን ገንዘብ፣ ያበዛል ተብሎ ሰው ከሩቅ ይመጣለታል። እኔም ሄድኩ። እኔንና ባለቤቴን የኮሌጅ ተማሪ አድርጎ ጻፈን። እኔ በዚያ ዓመት የኮሌጅ ደጅ አልረገጥኩም። እሷም ሁለት ሥራ ላይ ነበረች። ሕጉ ለአንድ የኮሌጅ ተማሪ በዓመት እስከ 2,500 ዶላር ታክስ ይቀንሳል። በሁለታችን ስም 5,000 ዶላር መሆኑ ነው። "ይሄ ምንድን ነው?" ብዬ አልጠየቅኩም። የት እንደሚፈረም አሳየን፤ ፈረምን።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ደብዳቤ መጣ። የኮሌጁን ማስረጃ ላኩ ይላል። ሰውዬው ጋ ደወልኩ። "ተወው ባክህ፣ ለሁሉም ነው የሚልኩት" አለኝ። ሁለተኛ ስደውል ስልኩን አላነሳም። ደብዳቤውን ታክሲዬ ውስጥ፣ ከስኮርታ ጎማው ሥር ከተትኩት። ባለቤቴ እንዳታየው ነው። ሌላ መጣ፤ እሱንም ከተትኩ። ከዚያ በፊርማ የሚወሰድ ደብዳቤ መጣ። እሱን ጭራሽ አልከፈትኩትም።

እዚያ ደብዳቤ ውስጥ 90 ቀን ነበረኝ። በ90 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ቀድሞ ሳይከፍሉ የታክስ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። 5,000 ዶላሩ የሚገባን አልነበረም፤ እሱን አልከራከርም። በላዩ የተጨመረውን 20 በመቶ ቅጣት ግን መከራከር እችል ነበር። 90ው ቀን ጎማ ሥር አለቀ።

ባለቤቴ ያወቀችው በሚቀጥለው ዓመት የጠበቅነው ሪፈንድ ሲቀር ነው። ለዕዳው ወስደውታል። ደብዳቤዎቹን አምጥቼ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ከዚያ "የኔም ፊርማ አለበት እኮ" አለች። እውነቷን ነው። ባልና ሚስት በጋራ ፋይል ካደረጉ ዕዳው የሁለቱም ነው። እኔ የደበቅኩት የራሴን ዕዳ ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ የደወለችው እሷ ናት። አስተርጓሚ ጠየቀች፤ አገናኟት። ከዚያ በወር ስንት መክፈል እንደምንችል ጠየቁን። በቃ፣ ይኸው ነው! ይህን ጥያቄ ፈርቼ ነው ስንት ወር ሙሉ እህል ሳይጥመኝ የኖርኩት።

አሁን ስለ ታክስ ሠሪው። ዝም አልልም። ገንዘብ ተቀብሎ የሰው ታክስ የሚሠራ ሁሉ በፎርሙ ላይ መፈረምና አይ.አር.ኤስ. የሰጠውን የሠሪነት ቁጥር መጻፍ ግዴታው ነው። የእኛን ፎርም ኋላ አውጥቼ አየሁት። የሠሪው ቦታ ባዶ ነው። ባዶ! ገንዘባችንን ቆጥሮ የተቀበለ እጅ ስሙን ለመጻፍ ሰነፈ! መልስ የምንሰጠው እኛ፣ የምንከፍለው እኛ። ዛሬም እንዲህ ያሉ ሰዎች አሉ። ስልካቸውን ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ የምንቀባበለው ደግሞ እኛው ነን። የማይፈርም ሰው ጋ ሄዳችሁ እንዳትፈርሙ! በአሪፍ ሪፈንድ ስም ሌብነትን ወገንተኝነት አንበለው!

ዕዳ አለባችሁ፣ የምትከፍሉበት ገንዘብ ግን የላችሁም እንበል። ቢሆንም የማስገቢያው ቀን ሳያልፍ ፋይል አድርጉ። 8,000 ዶላር ዕዳ ያለበት ሰው ፋይል ሳያደርግ ቢቀር በወር 5 በመቶ፣ ማለትም 400 ዶላር ይቀጣል፤ ቅጣቱ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ፋይል አድርጎ ሳይከፍል ቢቀር ግን ቅጣቱ በወር ግማሽ በመቶ ነው፤ 40 ዶላር። ወለዱ በሁለቱም ላይ አለ። ፋይል ለማድረጊያ እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ መጠየቅ ይቻላል፤ መክፈያው ቀን ግን አይገፋም። ዕዳው ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ በየወሩ ለመክፈል ኢንተርኔት ላይ ማመልከት ይቻላል። ለዕለት ኑሮ እንኳ የማይበቃው ሰው ደግሞ ማስከፈሉ ለጊዜው እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል።

ሁልጊዜ የምትጠይቁኝን ቶሎ ቶሎ ልበል። አገር ቤት የሚኖሩ፣ የአሜሪካ ዜግነትም ነዋሪነትም የሌላቸው አባትና እናት፣ ብትረዷቸውም ዲፔንደንት፣ ማለት ታክስ ላይ በሥራችሁ የሚመዘገቡ ጥገኞች፣ አይሆኑም። ለቤተሰብ የላካችሁት ገንዘብ ከታክስ አይቀነስም። አዲስ አበባ ያከራያችሁት ቤት ገቢ እዚህም ይመዘገባል፤ እዚያ የከፈላችሁት የገቢ ግብር ግን ሊታሰብላችሁ ይችላል። ውጭ አገር ባንክ ያላችሁ ገንዘብ ተደምሮ በዓመቱ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ማሳወቅ አለባችሁ። ስልክ ደውሎ በጊፍት ካርድ ክፈሉ የሚል ሰው አይ.አር.ኤስ. አይደለም፤ ዝጉበት።

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ፣ ቪታ በሚባለው የነፃ ታክስ እርዳታ ፕሮግራም ያሉ በጎ ፈቃደኞች ታክሱን በነፃ ይሠራሉ። ክርክር ላለበትም በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ የሚቆሙ የታክስ ክሊኒኮች አሉ። አድራሻቸውን ጽፈን በሩ አጠገብ አስቀምጠናል።

እኔና ባለቤቴ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እስከ ማታ እንቀመጣለን። ቡናም አለ። ያልተከፈተ ፖስታ መኪና ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ካለ አሁን ሄዶ ያምጣው።